ከጠገራ ብር እስከ ፑላ፦ የአንዲት ገንዘብ ያዥ የታሪክ ማስታወሻ

የዘንድሮው የመገናኛ መጽሔት አዘጋጆች ከእኔ የጠየቁት የሂሳብ ሪፖርት ነበር። የክፍላችን መዋጮ ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝና ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ያው ሐኪም ነኝ፤ ከውጤቱ በፊት ታሪኩን መጠየቅ ይቀናኛል። "መቼ ጀመረዎት? ከዚያ በፊትስ ጤነኛ ነበሩ?" ሳይሉ መድኃኒት መጻፍን መምህሮቻችን አላስተማሩንም። ስለዚህ ሪፖርቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ገንዘብ ታሪክ ጥቂት ልበል፤ ያለ እሱ ሪፖርቱ አይገባም።

የእኔ የገንዘብ ታሪክ ትምህርት የጀመረው ኢንተርን ሳለሁ፣ በ1998 ዓ.ም. ነው። ሌሊቱን ተረኛ ሆኜ አድሬ ጠዋት ለስብሰባ የማቀርበው አንድ የደረት ራጅ ነበረኝ። ታማሚዋ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ፣ ትኩሳትና ሳል የያዛቸው እናት ናቸው። ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅዬ በሙሉ ልብ "ክብ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ኮይን ሊዥን ይታያል" አልኩ። ሐኪም ላልሆናችሁ አንባቢዎች፦ ሳንባ ላይ ብቻውን ክብ ሆኖ የሚታይ ነገር ሳንቲም ስለሚመስል በሙያችን እንዲህ ይባላል። የድሮ ቲቢ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሲኒየር ሐኪማችን ራጁን ትንሽ አዩና "ዶክተር፣ ይሄ ከአጥንት ይነጣል እኮ። እስቲ ሄደሽ ታማሚዋን ደረታቸውን ገልጠሽ እያቸው" አሉኝ።

ሄድኩ። አንገታቸው ላይ በጥቁር ማተብ የተንጠለጠለ ትልቅ ጠገራ ብር አገኘሁ። የራጅ ባለሙያው አውልቁ ቢላቸው "ማተቤን አላወልቅም" ብለውት ኖሯል። የእኔ ኮይን ሊዥን የምር ኮይን ነበር! የክፍሌ ልጆች ይህን ነገር እስከ ምረቃችን ቀን ድረስ ሲያነሱብኝ ኖሩ፤ ዛሬም አልተዉኝም።

እፍረቴን ለመሸፈን "እማማ፣ ይቺ ምንድን ናት?" አልኳቸው።

"ብር ናት እንጂ ልጄ። እናንተ የያዛችሁትማ ወረቀት ነው" አሉኝ።

ትንሽ ሲሻላቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ታሪካቸውን ሰማሁ። ልጅ ሳሉ አባታቸው በጣሊያን ዘመን አንድ ጥንድ በሬ ሸጠው በወረቀት ሊሬ ተከፈሉ። ጣሊያን ሲወጣ የሊሬው ዋጋ ወደቀ፤ አባትየው በበሬው ዋጋ አንድ ወይፈን እንኳ መግዛት አቃታቸው። እናትየው ግን ጠገራቸውን በሸክላ አድርገው ከቤታቸው ጀርባ ቀብረው ነበር። "ንጉሡም ሄዱ፣ ጣሊያንም ሄደ፣ ደርግም ሄደ። ይቺ ግን ያው ናት" አሉኝ ማተባቸውን እየዳሰሱ።

ያን ጊዜ ሳቅሁ። ዛሬ የሁለት ዓመት መዝገቤን ከፊቴ ዘርግቼ ሳየው አልስቅም።

በዚህ መዝገብ ውስጥ የአሥር አገር ገንዘብ አለ። ዶላር፣ ዩሮ፣ ፓውንድ፣ የስዊድን ክሮና፣ የእስራኤል ሸቀል፣ የሳውዲ ሪያል፣ የኤምሬት ድርሃም፣ የደቡብ አፍሪካ ራንድ፣ የቦትስዋና ፑላ እና የኛ ብር። ክፍላችን ምን ያህል እንደተበተነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም። ማታ ማታ ሂሳቡን ስሠራ የእነዚህ ገንዘቦች ስም ከየት እንደመጣ መፈለግ ጀመርኩ፤ ሱስ ሆነብኝ።

አብዛኞቹ ስሞች መነሻቸው ሚዛን ወይም ማዕድን ነው። ፓውንድ የክብደት ስም ነው፤ ድሮ አንድ ፓውንድ የሚመዝን ብር ማለት ነበር። ሸቀል መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው ሰቅል ነው፤ እሱም ሚዛን ነው። ድርሃም ከግሪኮች ድራክማ የመጣ ነው፤ ሪያል ከስፔኖች ሬያል፣ "የንጉሥ" ከማለት። ክሮና ዘውድ ነው። ራንድ ደግሞ የወርቅ ማዕድኑ ከተገኘበት ከዊትዋተርስራንድ ተረተር ተወሰደ። የኛዋ ብር ግን ምንም ምርምር አትጠይቅም፤ ስሟ ራሱ ማዕድኑ ነው።

ከሁሉም የገረመኝ የዶላር ስም ነው። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በቦሄሚያ ተራሮች መካከል፣ ዮአኪምስታል የምትባል ትንሽ የማዕድን ከተማ ነበረች። ትርጉሙ የዮአኪም ሸለቆ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዚያ የወጣው ብር ትልልቅ ገንዘብ ተቀረጸበት፤ ሰውም "ዮአኪምስታለር" አለው። ረጅም ስም አሠልቺ ነውና "ታለር" ብቻ ሆነ። ታለር በሆላንዶች አፍ፣ ኋላም በእንግሊዞች አፍ ተለዋውጦ ዶላር ሆነ። እማማ አንገት ላይ የነበረችውም ጠገራ ታለር ናት። ስለዚህ የአሜሪካን ዶላርና የእማማ ማተብ አንድ አያት አላቸው ማለት ነው።

በሙያችን በኩልም ያቺ ከተማ ታገባናለች። የከተማዋ ሐኪም የነበረው ጌዎርጊዩስ አግሪኮላ የማዕድን ሥራን የሚያስረዳ ታላቅ መጽሐፍ ጽፏል፤ የማዕድን ሠራተኞቹን የሳንባ በሽታም አንስቷል። ከዘመናት በኋላ ማሪ ኪዩሪና ባለቤቷ ራዲየምን ያገኙት ከዚያው ማዕድን ማውጫ ከመጣ አለት ነው። የሠራተኞቹን ሳንባ ያጠፋው አንዱ ነገር ከአለቱ የሚወጣው ጨረር እንደነበርም ኋላ ታወቀ። ብሩ ወደ ዓለም ሲሄድ በሽታው ቆፋሪው ሳንባ ውስጥ ቀረ።

ወደ አገራችን ልመለስ። ገንዘብ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምረው በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ቀርጸዋል። የወርቁ ጽሑፍ በአብዛኛው ግሪክኛ ነበር፤ ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር መገበያያ ነውና። ለአገር ውስጥ በሚውሉት ላይ ግዕዝ እየገባ ሄደ። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ከገንዘቡ ላይ ጨረቃና ፀሐይዋ ወርዳ መስቀል ወጣ። በ4ኛው መቶ ዘመን በተቀረጹ አንዳንድ የመዳብ ገንዘቦች ላይ ደግሞ "ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ" የሚል ትርጉም ያለው ግሪክኛ ጽሑፍ አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ይሄ ነው። ንጉሡ የራሱን ኃይል ብቻ አላስጻፈም፤ ገንዘቡ ሕዝቡን ደስ ካላሰኘ ገንዘብ እንደማይሆን ያወቀ ይመስላል።

የአክሱም ቀረጻ በ7ኛው መቶ ዘመን ቆመ። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት መገበያያችን ጨው፣ ጨርቅ፣ ብረትና በሚዛን የሚሸጥ ወርቅ ሆነ። በተለይ ከአፋር ረባዳ በግመልና በአህያ እየተጫነ የሚወጣው አሞሌ ጨው። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። አሞሌ ከተቆፈረበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። አፋር ላይ በርካሽ የሚገኘው ደቡብና ምዕራብ ሲደርስ ውድ ይሆናል። ምንዛሪ ማለት ይኸው ነው፤ ያው አንድ ነገር እዚህና እዚያ ሌላ ሌላ ዋጋ አለው። አሞሌ ዝናብ ከነካው ይሟሟል፣ በእጅ ብዛት ይሰባበራል፣ ሲቸግርም ወጥ ውስጥ ይገባል። አባቶቻችን "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" የሚሉት ለሰው ነው፤ ለገንዘብም ግን ይሠራል። ገንዘብ የሚከበረው ጣዕሙ እስካለ ድረስ ነው።

ጠገራ የመጣችው በዚህ ላይ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ሞተች። በመልኳ የተቀረጸው ታለር ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ በጣም ተወዶ ስለነበር ከሞተች በኋላም ያው 1780 የሚለው ዓመት እንዳለ መቀረጹ ቀጠለ። 28 ግራም ከምናምን ይመዝናል፤ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ነጋዴው በጣቱ እየዳሰሰ፣ የንግሥቲቱን የዘውድና የደረት ጌጥ ነጥብ እየቆጠረ፣ አንዷም ነጥብ ከጠፋች አልቀበልም ይል ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ራሱ በጠገራ ክብደት ተለካ። አንጥረኛው እያቀለጠ መስቀልና አንባር ሠራባት። ንግሥቲቱ ይህን አገር አይታው አታውቅም፤ ገበሬው ግን ከራሱ ንጉሥ መልክ ይልቅ የእሷን አመነ።

ይህን ዐፄ ምኒልክ በራሳቸው ላይ አዩት። በ1887 ዓ.ም. በመልካቸው የተቀረጸ፣ በጀርባው አንበሳ ያለበት ብር ፓሪስ አስቀርጸው አመጡ። የሚያምር ሥራ ነው፤ ክብደቱም እንደ ጠገራ ነው። ነገር ግን ገበያው ጠገራን አልተውም አለ። በኤርትራ የነበሩት ጣሊያኖችም ከእሳቸው በፊት የንጉሣቸውን የኡምቤርቶን መልክ አስቀርጸው ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጠገራን የምትመስል ሴት ቀርጸው ዳግም ሞከሩ፤ አሁንም አልሆነም። እንግዲህ ዓድዋ ላይ የተዋጉት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር እኩል ተሸንፈዋል ማለት ነው፤ በሞተች ንግሥት።

ከምኒልክ ዘመን ቃላት ግን ቀርተውልናል። ግማሽ ብር አላድ ነበር። ትንሿ ቤሳ ዛሬ ገበያ ላይ የለችም፤ "ቤሳ ቤስቲን የለኝም" ስንል ግን አሁንም ትኖራለች። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ ስለነበር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1931 (እ.ኤ.አ.) ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ።

ለጦርነቱም ጠገራ ታስፈልግ ነበር። ሙሶሊኒ በ1935 (እ.ኤ.አ.) የመቅረጫውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አገኘ፤ ለአገሬው ሰው የሚከፍለው በሊሬ እንደማይሆን ያውቃልና። እንግሊዞችም ዝም አላሉም፤ ለንደን ውስጥ ራሳቸው መቅረጽ ጀመሩ። ፓሪስም፣ ብራስልስም፣ ኋላም ቦምቤይ ቀረጹ። ሁሉም ላይ ያው 1780 ተጽፎበታል። የእማማ ጠገራ የት እንደተሠራች ማን ያውቃል? የእሷ ልደት የሚታወቀው በመልኳ ሳይሆን በአመኗት ሰዎች ነው።

ከድል በኋላ አገሪቱ ውስጥ ሊሬ፣ ጠገራ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሁሉም ተቀላቅሎ ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። ቀኑ የንጉሡ ልደት ነው። በእንግሊዝኛ "የኢትዮጵያ ዶላር" ይባል ነበር፣ በአማርኛ ግን ብር። ወረቀቱ የታተመው አሜሪካ ነው፤ የፈረሙበትም የባንኩ ገዥ የነበሩት አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ናቸው። ሕዝቡ ወረቀት አላምን ስላለ ሃምሳ ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተሠራ። ይህቺ ሃምሳ ሳንቲም በሽልንጉ ስም ሽልንግ ተባለች። እኛም በልጅነታችን ሽልንግ ስንል የእንግሊዝን ሠራዊት እየጠራን እንደሆነ አናውቅም ነበር።

በ1969 ዓ.ም. በእንግሊዝኛም ዶላር መባሉ ቀርቶ ብር ሆነ። በዚያው 1976 (እ.ኤ.አ.) ቦትስዋና ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ወጥታ የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ ስሙንም ፑላ አለችው። ፑላ ዝናብ ነው። የካላሃሪ በረሃ ባለበት አገር ከዝናብ የበለጠ ሀብት የለምና። መቶኛው ደግሞ ቴቤ ይባላል፣ ጋሻ ማለት ነው። እዚያ የሚሠራው የክፍላችን ልጅ መዋጮውን ሲልክ መልእክቱ ላይ "ዝናብ ልኬላችኋለሁ" ብሎ ነበር። የዛምቢያና የማላዊ ክዋቻ "ነጋ" ማለት ነው። የሌሶቶው ሎቲ ተራራ ነው። ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. ናቅፋን ስታወጣ ስሙን ከትግሏ ከተማ ወሰደች። አዲስ አገር ገንዘቡን ሲሰይም በጣም የሚወደውን ነገር ይጠራል።

ስም ብቻውን ግን አያድንም። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚጠቀሙበት ሴኤፍአ ፍራንክ በአንድ ቀን ከፈረንሳይ ፍራንክ አንጻር ግማሽ ዋጋውን አጣ። ዚምባብዌ በ2009 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ መቶ ትሪሊዮን የሚል ወረቀት አተመች፤ በዚያው ዓመት የራሷን ገንዘብ ትታ በሰው አገር ገንዘብ መገበያየት ጀመረች። ተቃራኒውን ጎረቤታችን ሶማሊያ አሳየችን። በ1991 (እ.ኤ.አ.) መንግሥትም ማዕከላዊ ባንክም ፈረሰ፤ አሮጌው የሶማሊያ ሽልንግ ግን ለዓመታት ገበያ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። ያዘዘው የለም፣ ዋስ የሆነውም የለም። ሰዎች ነገም ጎረቤቴ ይቀበለኛል ብለው ስላመኑ ብቻ። እንግዲህ ገንዘብ ማለት በመጨረሻው ይኸው ነው፤ ሌላው ሰው ይቀበለኛል የሚል እምነት።

አሁን ወደ ራሳችን ሂሳብ መጣሁ።

የኛ ብር ለአንድ ዶላር በ1937 ዓ.ም. 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። በደርግ ዘመን ሁሉ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆኖ ቆየ። በ1985 ዓ.ም. አምስት ብር ሆነ። እኛ በ1998 ስንማር 8 ብር ከ70 ገደማ ነበር። ከዚያ በ2003 መግቢያና በ2010 መግቢያ ወረደ። በ2016 ዓ.ም. 57 አካባቢ ደረሰ። ይህን እንደ ትኩሳት ሰንጠረዥ ብትስሉት መስመሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው።

መዋጮውን የጀመርነው በ2016 መጀመሪያ ነው። ዓላማው ለተማርንበት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ስድስት ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር መግዛት ነበር። ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ በኢንተርንነታችን አንድ ሲሊንደር ለሁለት ሕፃን ስናፈራርቅ ያየነውን ማናችንም አንረሳም። መጀመሪያ የከፈለው በአንድ የገጠር ሆስፒታል የሚሠራ ጓደኛችን ነው፤ አሥር ሺህ ብር። ሌሎቻችን ገና ስንነጋገር እሱ ባንክ ሄዶ አስገብቶ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ላከ። ለሱ ይህ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ የመንግሥት ሐኪም ደሞዝ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ውጭ ያላችሁት ላይ ግን እኔ ጠንክሬ ቆምኩ። "በባንክ ላኩ፣ ቶሎ ላኩ፣ በጥቁር ገበያ የመጣ ገንዘብ አልቀበልም" አልኩ። በጊዜው ከባንክ ውጭ ያለው ምንዛሪ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። አንዳንዶቻችሁ "ለምን ግማሹን እናባክናለን?" ብላችሁ ተቆጥታችኋል። ሕጉ ይህ ነው ብዬ ዘጋሁ። ብዙዎቻችሁ ሰማችሁኝ፤ ዶላሩም፣ ክሮናውም፣ ፑላውም በ57 ገደማ ተመንዝሮ ብር ሆነና ሂሳባችን ውስጥ ተቀመጠ።

ዕቃው ግን አልመጣም። ፕሮፎርማ የሰጠን አስመጪ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድለት ወረፋ ላይ ነበር። "በሚቀጥለው ወር" እያለ ክረምት ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በመጀመሪያው ቀን ከ74 በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው። አዲሱ ፕሮፎርማ ሲመጣ ለስድስት ያሰብነው ገንዘብ ለሦስት ብቻ በቃ።

ያን ቀን ማታ መዝገቡን ይዤ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ያልሰረቅኩት፣ ያልነካሁት ገንዘብ እጄ ላይ ግማሽ ሆነ። ሕግ በማክበሬ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ነገር ግን የላካችሁት ሁሉ በሚገባው ልክ ሕፃን ሳይደርስ መቅረቱ የኔም ድርሻ አለበት። ወረፋው ሲረዝም ሌላ አስመጪ መፈለግ ነበረብኝ፤ አልፈለግኩም። ይህ ሪፖርቱ ውስጥ መግባት አለበት ብዬ ስለማምን ጻፍኩት።

ከዚያ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። "ነገ እልካለሁ" እያሉ አንድ ዓመት የቆዩት ጓደኞቻችን በ2017 ላኩ። ያው መቶ ዶላር አሁን እጥፍ ብር ሆነ። በነሱ መዋጮ ሁለት ተጨመረ፤ አምስት ደረስን። ቶሎ የሰጠው ግማሽ ሆነ፣ የዘገየው እጥፍ ሆነ። ይህን ፍትሕ የሚለው የለም፤ ግን ምንዛሪ ዓይን የለውም።

ጥያቄው የመጣው የስም ዝርዝሩ ላይ ነው። በቴሌግራም ቡድናችን ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ፤ ሁሉንም ወደ ዶላር ለውጠን ለጋሾችን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ደረጃ ብለን በመጽሔቱ ላይ እንድናወጣ። ሐሳቡ በቅንነት የቀረበ ነው፤ ሌሎች ማኅበራትም ያደርጉታል። ሞከርኩት። የገጠሩ ጓደኛችን አሥር ሺህ ብር በሰጠበት ቀን ወደ 175 ዶላር ይመጣ ነበር። ዕቃውን በገዛንበት ቀን ከ90 በታች ሆነ። በዚያ ስሌት መጀመሪያ የሰጠው ሰው ከነሐሱም በታች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ገባ። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

የእማማን ነገር አልጨረስኩላችሁም። ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት መድኃኒት ከውጭ እንዲገዛ ታዘዘ፤ ልጃቸው ገንዘብ አጣ። እማማ ማተባቸውን ፈትተው "ይቺን ሽጥ" አሉት። ያን ጊዜ ተረኛ የነበርነው ኢንተርኖች ኪሳችንን አራገፍን፤ አንዱ አምስት፣ አንዱ አሥር፣ አንዷ የታክሲዋን። መድኃኒቱ ተገዛ፣ ጠገራዋም አንገታቸው ላይ ቀረች። ማን ስንት እንዳዋጣ የጻፈ የለም። ቆቡን ይዞ የዞረው ግን ያው ገጠር ያለው ጓደኛችን እንደነበር አስታውሳለሁ። የክፍላችን የመጀመሪያው መዋጮ ይሄ ነበር፤ በእማማ አባባል በወረቀት ብር።

ስለዚህ እንደ ገንዘብ ያዥ ይህን ወሰንኩ፤ ኮሚቴውም ተስማማ። ከዚህ ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው ዝርዝር በመጠን አልተደረደረም፤ በተሰጠበት ቀን ነው የተደረደረው። ወደ ዶላርም ወደ ብርም አልተቀየረም። ክሮናው በክሮና፣ ሪያሉ በሪያል፣ ፑላው በፑላ፣ ብሩም በብር ተጽፏል። እያንዳንዱ ገንዘብ የሰጪው አገር ሥራና ኑሮ ውስጥ ያለውን ዋጋ የሚያውቀው ሰጪው ነው። እኛ የምናውቀው እንደሰጠ ብቻ ነው። የሂሳቡ ሙሉ ደረሰኝና የባንክ መግለጫ ደግሞ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ እኔ ዘንድ አለ፤ በመገናኛው ቀን ይዤው እመጣለሁ።

የሪፖርቱ ማጠቃለያ እንግዲህ አጭር ነው። ስድስት አስበን አምስት ገዛን። አምስቱም ሕፃናት ክፍል ገብተው እየሠሩ ነው፤ ባለፈው ወር ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ይቀረናል። ገንዘቡ በየትኛው አገር ስም ቢመጣ ግድ የለም፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደገባ ዕቃው ይገዛል፣ አያድርም።

መልካም የመገናኛ ቀን ይሁንልን።